«525 ጊዜ ያጎላል» የሚለው ሳጥን
የሰማይ ተመልካቾች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ቲቸር፣ እንደምን ሰነበቱ? የጅማ ልጅ ነኝ፣ ኮቺ ነው የምኖረው። አክስቴ ከዱባይ ስትመጣ ቴሌስኮፕ ይዛልኝ መጣች። ሳጥኑ ላይ 70 እና 700 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። በትልቁ ደግሞ «525 ጊዜ ያጎላል» ይላል። ሁለት አይፒስ (ዓይን የሚጠጋበት ትንሹ ሌንስ) አለው፣ ባለ 20 እና ባለ 4 ሚሊ ሜትር። ባለ 3 እጥፍ ባርሎው የሚሉት ረጅም ቱቦም አብሮ መጥቷል። በ20ው ጨረቃ በጣም ታምራለች። ባርሎውን ስጨምርበት ይደበዝዛል። 4ቱ ላይ ስጨምረው ጭራሽ ጨለማ ነው። ተበላሽቶ ነው? ወይስ የተሻለ ባርሎው ላስመጣ? በቅርቡ አዲስ አበባ የሚሄድ ጓደኛ አለኝ።

የኮቺው

መልስ

ቴሌስኮፕህ ደህና ነው። ያጋነነው ሳጥኑ ነው። እሱም ቢሆን ቁጥሩን ከሜዳ አላመጣውም። አብረን እንሥራው።

70 የፊተኛው ሌንስ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 700 የትኩረት ርቀቱ ነው፣ ከሌንሱ እስከ ብርሃኑ መገናኛ ነጥብ ያለው። አንድ አይፒስ ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ለማወቅ የትኩረት ርቀቱን በአይፒሱ ቁጥር ታካፍላለህ። 700 ለ20 ሲካፈል 35 ነው። ለ4 ሲካፈል 175። ባርሎው ይህንን በ3 ያባዛዋል፤ ይኸውልህ 525። ሒሳቡ ልክ ነው። የጎደለው ብርሃን ነው።

ወጥ ውኃ ሲጨመርበት ይበዛል እንጂ አይጣፍጥም። ምስልም እንደዚያው ነው። ባለ 70 ሚሊ ሜትር ሌንስህ የሰበሰባት ብርሃን ያችው ናት፤ ባጎላህ ቁጥር በሰፊ ቦታ ላይ ትሳሳለች። 70ን ለ525 ብታካፍል 0.13 ይመጣል። ከአይፒሱ ወጥቶ ዓይንህ ውስጥ የሚገባው የብርሃን ዘንግ ውፍረት 0.13 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ፎከሱ ትንሽ ሲዛነፍ፣ ኮከቡም ከመሃል ሲሸሽ፣ ጨለማ ብታይ አይገርምም። በ35 ጊዜ ግን ዘንጉ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጨረቃ ያማረችው ለዚህ ነው።

ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚከተሉት ደንብ የሌንሱን ስፋት በ2 አባዝቶ እዚያ ላይ ማቆም ነው። ላንተ 140 ጊዜ። ያውም አየሩ ረግቶ ባደረበት ምሽት። ብዙውን ጊዜ ከ100 አካባቢ ባታልፍ ይሻልሃል።

አሁን ወደ ባርሎው። ነገሩ ኮንኬቭ (መሃሉ የሳሳ) ሌንስ ነው። ወደ አንድ ነጥብ እየተሰበሰበ የሚመጣውን ብርሃን ገታ ያደርገዋል፣ ስለዚህ የመገናኛው ነጥብ ይርቃል። 700 የነበረው የትኩረት ርቀት በባለ 2 እጥፍ ባርሎው 1400 እንደሆነ ይቆጠራል። ፒተር ባርሎው የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ነው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከቴሌስኮፕ ሠሪው ከጆርጅ ዶሎንድ ጋር ለፍሬ ያበቃው። ጥሩው ባርሎው ከሁለት የመስታወት ዓይነቶች የተጣበቀ ነው፤ አክሮማቲክ ይባላል። ከርካሽ ሳጥን ጋር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ነጠላ ሌንስ ነው፣ አንዳንዱም ፕላስቲክ።

ያንተ የትኛው እንደሆነ ዛሬ ማታ ማወቅ ትችላለህ። ባርሎውን ይዘህ አምፖል ስር ቁም። ሌንሷን ዘንበል አድርግና በላይዋ ላይ የሚታየውን የአምፖሉን ነጸብራቅ ቁጠር። ሁለት ብቻ ከሆነ ነጠላ ሌንስ ናት። ሦስት ከሆነ የተጣበቀች ናት። ሦስተኛዋ ነጸብራቅ ከሌሎቹ ደብዘዝ ስለምትል ቀስ ብለህ አዟዙረህ ፈልጋት። ቀን ላይ ደግሞ ቴሌስኮፑን ወደ ጅሬን አዙረው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ኮረብታ ላይ ከሰማዩ ጋር የሚዋሰን የዛፍ ቅርንጫፍ ምረጥ። ፀሐይ ያለችበትን አቅጣጫ ግን እንዳትነካ። መጀመሪያ በ20ው ብቻ እይ፣ ቀጥሎ ባርሎውን ጨምር። ቅርንጫፉ ዳርና ዳር ሐምራዊና ቢጫ መስመር ካበቀለ ያንን ባርሎው ሳጥኑ ውስጥ መልሰው።

ምን ይምጣልህ? ባለ 2 እጥፍ አክሮማቲክ ባርሎው እና ፕሎስል ከሚባለው ዓይነት አንድ ባለ 12 ሚሊ ሜትር አይፒስ። ባለ 3 ወይም ባለ 5 እጥፍ ባርሎው ላንተ ቴሌስኮፕ አይሆንም። «ለምን 12? 10 አይሻልም?» ትለኝ ይሆናል። 20 እና 10 ካለህ፣ ባርሎው የገባበት 20 ራሱ 10 ይሆናል። አንዱን ነገር ሁለቴ ከፈልክበት ማለት ነው። በ20 እና በ12 ግን 35፣ 58፣ 70 እና 117 ጊዜ ታገኛለህ። አራት የተለያየ ማጉላት በሁለት አይፒስ። ባርሎው ሲገዛ መታየት ያለበት ይሄ ነው፤ ቁጥሩ ስንት ነው ሳይሆን ቤት ካለው አይፒስ ጋር ምን ይሰጠኛል።

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከሆነስ? አይፒሱን አስቀድም። 4 ሚሊ ሜትሩ ላይ «ኤስአር» የሚል ፊደል ካለበት ራምስደን የሚባለው የድሮ ዓይነት ነው። የምታይባት ቀዳዳ ጠባብ፣ ዓይንህን ልታስነካት ምንም የማይቀርህ፤ እሱ ላይ ጥሩ ባርሎው መሰካት ገንዘብ መጣል ነው።

ጓደኛህ ከመሄዱ በፊት አይፒሱ የሚገባበትን የቱቦውን አፍ በማስመሪያ ለካ። 31.7 ሚሊ ሜትር ከሆነ ገበያው ሁሉ ያንተ ነው። 24.5 ከሆነ ግን የድሮው ጠባቡ ነው፣ ዛሬ የሚሸጠው ዕቃ አይገባበትም። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈህ ስጠው። «ያው ቴሌስኮፕ ነው» ብሎ የሄደ ሰው የማይሰካ ዕቃ ይዞ ይመጣል።

ከቻለ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለው ሌንስ ተፈትቶ የሚወጣ ዓይነት ይምረጥልህ። የሌንሱን ክፍል ፈትተህ አይፒሱ ግርጌ ላይ፣ ፊልተር በሚታሰርበት ጥርስ ላይ ብታስረው ማጉላቱ ከ2 ወደ 1.5 እጥፍ ገደማ ይወርዳል። ሌንሱና አይፒሱ ስለተቀራረቡ ነው። በ20ው 52 ጊዜ ያህል ይሰጥሃል፣ ያለ ተጨማሪ ወጪ።

አሰካኩ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ምስሉን 90 ዲግሪ የሚያጥፈው ባለ መስታወት ክርን አለህ አይደል? መጀመሪያ ክርኑ፣ ቀጥሎ ባርሎው፣ መጨረሻ አይፒሱ። ባርሎውን ከክርኑ በፊት ብትሰካው ርቀቱ ስለሚጨምር ባለ 2ቱ ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። እኛ ደግሞ የምንሸሸው እሱን ነው። ሳጥኑ ውስጥ 1.5 የሚል ሌላ ረጅም ቱቦ ካገኘህ ባርሎው እንዳይመስልህ። የተገለበጠውን ምስል ለማቃናት የሚረዳ ነው፣ ቀን መልክዓ ምድር ለማየት። ለሰማይ አትጠቀምበት።

የቀረው አየሩ ነው፣ እዚህ ላይ ጅማ አድልታልናለች። ከምድር ወገብ በ7.7 ዲግሪ ብቻ ስለምንርቅ ፕላኔቶች ጣሪያችን ላይ ይወጣሉ። ለንደን ያለ ሰው አንዳንድ ዓመት ሳተርንን ከአድማስ 16 ዲግሪ ላይ፣ በወፍራም አየር ውስጥ ነው የሚያያት። እኛ ጋ ግን የመጨረሻ ከፍታዋ ላይ ስትደርስ ሁሌም ከ55 ዲግሪ በላይ ናት። ስለዚህ ፕላኔቱ ከቤት ጣሪያ ብቅ እንዳለ በባርሎው አትጣደፍ። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሲተፋ የሚያመሽ ነው፤ በላዩ የሚያልፍ ኮከብ ሁሉ ሲንቀጠቀጥ ታየዋለህ። ቴሌስኮፑን ቀደም ብለህ ውጭ አውጥተህ አቀዝቅዘው፣ ፕላኔቱም 50 ወይም 60 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቅ። ቀጥ ብሎ አናትህ ላይ ከደረሰ ደግሞ ቱቦው ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጭብሃል፣ አንገትህም አይፈቅድልህም።

ምድር ስለምትዞር ምስሉ ይሸሻል። በ117 ጊዜ፣ 50 ዲግሪ በሚያሳይ ፕሎስል፣ ጁፒተር ከዳር እስከ ዳር የምትሻገረው በ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ ነው። በነካኸው ቁጥር የሚወዛወዝ ትራይፖድ ላይ ይሄ ትግል ነው። ፌስታል ውስጥ ድንጋይ ሞልተህ ትራይፖዱ መሃል ላይ አንጠልጥል፣ እግሮቹን አሳጥራቸው፣ አንተ ደግሞ በርጩማ ላይ ተቀመጥ። የበርጩማ አገር ሆነን ቆመን ማየት ምን አመጣው? በዚህ የምታገኘው ጥራት ከማንኛውም ባርሎው ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

መቼስ በ525 ጊዜ የሚያዩት ነገር ይኖራል ብለህ ቅር እንዳይልህ አንድ ቁጥር ልስጥህ። ጁፒተር ለእኛ በምትቀርብበት ወቅት በ40 ጊዜ ብቻ ስታያት፣ በባዶ ዓይን ጨረቃን የምታየውን ያህል ትሰፋለች። ጥቁር ሰማይ መሃል የሚያስተያይ ነገር ስለሌለ ዓይን ትንሽ ናት ይላል እንጂ።

ጥያቄ

መነጽር አደርጋለሁ። 10 ሚሊ ሜትር ፕሎስል ስጠቀም መነጽሬ አይፒሱን እየነካ ግማሹ ምስል ይጠፋብኛል። ሻጩ 6 ሚሊ ሜትር ግዢ ይለኛል፣ ጓደኛዬ ባርሎው ትላለች። ቴሌስኮፔ 90 በ900 ነው። የቱን ልስማ?

ባለ መነጽሯ፣ ከፈረንጅ አራዳ

መልስ

ጓደኛሽን ስሚ።

የፕሎስል አይፒስ ዓይንሽን የሚያስቀምጥሽ ርቀት ከቁጥሩ 70 በመቶ አካባቢ ነው። 10 ሚሊ ሜትሩ 7 ሚሊ ሜትር ላይ ያስጠጋሻል። 6ቱ ደግሞ 4 ላይ፤ እሱ ያለ መነጽርም ሽፋሽፍት ያስነካል። ባለ 25 ሚሊ ሜትር ፕሎስል ግን ወደ 17 ሚሊ ሜትር ይሰጥሻል። ባለ 2 እጥፍ ባርሎው ላይ ብትሰኪው እንደ 12.5 ሆኖ 72 ጊዜ ያጎላል፣ ርቀቱ ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም ትንሽ ይጨምራል። ባርሎው ለመነጽር ሰው ያለው ትልቁ ጥቅም ይኼ ነው።

መነጽሩ ለቅርብ ወይም ለሩቅ እይታ ብቻ ከሆነ አውልቂው፣ ፎከሱ ያስተካክለዋል። አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት ጉብታ እኩል አለመሆን) ካለሽ ፎከስ አይረዳሽም። ቢሆንም ማጉላቱ ከፍ ሲል የብርሃኑ ዘንግ ስለሚቀጥን ችግሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ካንቺ ቴሌስኮፕ ጋር በ90 ጊዜ ዘንጉ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ እዚያ ስትደርሺ መነጽሩን አውልቀሽ ሞክሪው። ብዙ ሰው ልዩነቱን አያስተውለውም።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። አጋሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር ነኝ። ለክበባችን 114 በ1000 የሆነ ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ በስጦታ አገኘን። ባለ 3 እጥፍ ባርሎው አዋጥተን ገዛን፣ ግን ምንም ጠርቶ አይታይም። ተማሪዎቹ ተስፋ እየቆረጡ ነው።

መልስ

መምህር፣ እባክዎ ቱቦውን በሜትር ይለኩት። 1000 ተብሎ ተጽፎ ቱቦው ግማሽ ሜትር ገደማ ከሆነ ነገሩ ያልቃል። እንዲህ ዓይነቱ አጭር ቴሌስኮፕ አይፒሱ በሚገባበት ጉሮሮ ውስጥ ማስረዘሚያ ሌንስ ተገጥሞለት ነው የሚመጣው። ባርሎው አስቀድሞ ውስጡ አለ ቢባል ይቀላል። እርስዎ ደግሞ በላዩ ሌላ ባለ 3 እጥፍ ጨመሩበት። በ10 ሚሊ ሜትር አይፒስ 300 ጊዜ መሆኑ ነው። ለ114 ሚሊ ሜትር የሚፈቀደው ጣሪያ 228 ነው፣ በተግባር ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ 150ም ብዙ ነው።

ባርሎውን ሻጩ የሚቀበልዎ ከሆነ ይመልሱት። ካልተቀበለ ከ25 ሚሊ ሜትር አይፒስ ጋር ብቻ ይጠቀሙበት፣ 120 ጊዜ ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን መስታወቶቹ መስመር መያዛቸውን ይዩ። ደማቅ ኮከብ መሃል ላይ አድርገው ፎከሱን ያዛንፉት። ክብ ብርሃን መሃል ላይ የትንሹ መስታወት ጥላ ይታያል። ጥላው መሃል ላይ ካልተቀመጠና ወደ አንድ ጎን ከሸሸ፣ ምንም ዓይነት ባርሎው አያድነውም፤ የመስታወቶቹን ብሎኖች ማስተካከል ግድ ነው። ልጆቹ ጉሮሮው ውስጥ ያለውን ሌንስ «ለማጽዳት» ብለው እንዳያወጡትም አደራ።

ተስፋ የቆረጡትን በ40 ጊዜ ሳተርን ላይ ይመልሷቸው። ቀለበቷ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በጠርዙ ዞሮብን ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ዓመት በዓመት እየተከፈተ ነው። እስከ 2024 ዓ.ም. ገደማ እየሰፋ ይሄዳል። ባርሎው የሚጠቅምበት ነገር ከፈለጉ ደግሞ በግንቦት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ ደቡብ ላይ አልፋ ሴንታውሪን ፈልጉ። በባዶ ዓይን አንድ ኮከብ የሚመስለው ሁለት ሆኖ ይለያያል። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ያለው አብዛኛው ተመልካች ይህን ኮከብ ከቤቱ አያየውም።

ጥያቄ

በስልኬ ጨረቃን ማንሳት እፈልጋለሁ። ፓወርሜት የሚባል ከባርሎው የሚበልጥ አለ ሲሉ ሰማሁ። ልፈልገው?

ከሊሙ ገነት

መልስ

አትፈልገው። የቴሌቪዩ ኩባንያ ሥራ ነው፣ እውነትም ምርጥ ነው። አራት ሌንሶች አሉት፤ ከአይፒሱ ያለው ርቀት ቢለዋወጥ እንኳ ማጉላቱ ብዙም አይለወጥም። ለልዩ ካሜራ ነው የሚያዋጣው። ዋጋው ግን ከጀማሪ ቴሌስኮፕ ዋጋ ይበልጣል። አንተ ስልክህን አይፒሱ ላይ አጥብቆ የሚይዝ መያዣ ግዛ፣ ያለ ባርሎው በቪዲዮ ቅረጽ፣ የጠራውን ፍሬም ምረጥ።

ጥያቄ

ልጄ ቴሌስኮፕ አለው። ሳጥኑ ውስጥ «ፀሐይ» የሚል ጥቁር መስታወት አለ፣ አይፒሱ ላይ የሚታሰር። ባርሎውም ሲጨመር ጨለም ስለሚል ፀሐይን ማየት ይቻላል አለኝ። እውነት ነው? ዕቃው ላይም ነጭ ነገር እየወጣበት ነው።

እናት፣ ከጅማ

መልስ

እመቤቴ፣ ያንን ጥቁር መስታወት ዛሬውኑ ሰባብረው ይጣሉት። ለሌላ ሰውም አይስጡት። ቴሌስኮፑ የሰበሰበው የፀሐይ ሙቀት በሙሉ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። እያዩበት ሳለ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከተሰነጠቀ ዓይን የሚጠፋው ወዲያው ነው። ባርሎው ጨለም ማድረጉም ምንም አይከላከልም። ለፀሐይ የሚያገለግለው ቴሌስኮፑ ፊት ለፊት፣ ትልቁ ሌንስ ላይ ሙሉ በሙሉ የሚገጠም ለዚሁ የተሠራ ፊልተር ብቻ ነው።

ጥያቄዎ በጊዜው ነው የመጣው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሙሉው ግርዶሽ ከስፔንና ከሞሮኮ ተነስቶ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አድርጎ ሶማሊያ ላይ ይደርሳል። እኛ ጋ በከፊል ነው። ሐምሌ ላይ የጅማ ደመና ማሳየቱን እንጃ፤ ልጁ ግን ያ ቀን ሳይደርስ ትክክለኛውን ፊልተር ይያዝ።

ነጩ ነገር ሻጋታ ነው። የኛ ከተማ እርጥበት ሌንስ አይወድም፤ እኔ ሳስተምር የላብራቶሪ ማይክሮስኮፖቹን ክረምት በመጣ ቁጥር እንደዚያ ያደርጋቸው ነበር። ላዩ ላይ ብቻ ከሆነ የመነጽር ባለሙያ ያጸዳዋል። ውስጥ ከገባ እዚያው እንዳለ ይቆያል፤ ካልተስፋፋ ለማየት ብዙም አይከለክልም። አይፒሶቹንና ባርሎውን ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡ። አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የምትገኘውን «አይበላም» የሚል የተጻፈባትን ትንሽ ከረጢት አብረው ይክተቱ። ሩዝ አይጠቀሙ፣ ብናኙ ሌንሱ ላይ ይቀራል። ቡና የሚቆላበት ክፍል ውስጥም አያስቀምጡት፤ ጭሱ ቅባት አለው። ማታ ከውጭ ሲገባ ጤዛ ከያዘም በጨርቅ አይጥረጉት። ክዳኑን ሳይገጥሙ ክፍል ውስጥ ያቆዩትና እስኪደርቅ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይዝጉት።